ዘጠነኛው ዕቅድ

በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ አዲስ አበባ ላይ ለሦስት ቀን የሚካሄድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነበር። እኔና ባለቤቴ ያርጋል እሱን ለማየት ስምንት ጊዜ አቅደን ስምንት ጊዜ ቀርተናል። ዘጠነኛውን ዕቅድ ያወጣሁት በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ብቻዬን፣ እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ፣ ከሌን እንደ ለበስኩ።

ሁለታችንም መምህራን ነበርን፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ኬሚስትሪ። የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ሳለን ነው። ስድስት ኪሎ ባህል ማዕከል ዝግጅት ባለ ቁጥር እኔ ከአራት ኪሎ እየመጣሁ አዳራሹ መጨረሻ ላይ እቆማለሁ፤ እሱም እዚያው ይቆማል። ባዶ ወንበር እያለ ለምን እንደሚቆም አንድ ቀን ብጠይቀው፣ «ተቀምጬ ከሰማሁ እግሬ ይቀየመኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ባዶ ወንበር አልፈለግሁም።

ደባርቅ ስንመደብ ለሁለት ዓመት ነው ብለን ነበር። ሁለቱ ዓመት ሃያ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ልጅ አልወለድንም። አገሩን ግን ወደድነው፤ ብርዱን ሳይቀር።

ዕቅዱ የሚወጣው ጥቅምት ውስጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፀሐይ ከሊማሊሞ በኩል ሳትወርድ ደጃፉ ላይ ወንበር እናወጣለን። ያርጋል ጋቢውን ይከናነብና ከደብተር ላይ አንድ ገጽ ገንጥሎ በማስመሪያ ያሰምረዋል። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ መጀመሪያ ካርታ ይስላል፤ ከደባርቅ እስከ አዲስ አበባ መንገዱን አጣጥፎ፣ ከተሞቹን በነጥብ እያስቀመጠ፣ በየነጥቡ አጠገብ የሚሆነውን ይጽፋል። «ጎንደር፦ ማደሪያ። ደጀን፦ ሻይ። ዓባይ በረሃ፦ ሕሊና ዓይኗን ትጨፍናለች።» ገደል እንደምፈራ ያውቅ ነበር። የሊማሊሞን አፋፍ እያየች የምትኖር ሴት ዓባይን መፍራቷ ሁልጊዜ ያስቀው ነበር።

ከካርታው በታች ሦስት ዓምድ ይከተላል። አንደኛው «የምንሰማቸው» ነው፤ ሁለተኛው «የምንበላው»። ሦስተኛው «የማናገኛቸው ሰዎች» ነው፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ስም በሙሉ እዚያ ይገባል። ካገኘናቸው ምሳ ይጋብዙናል፤ ምሳውን ከበላን ፌስቲቫሉ አመለጠን ማለት ነው። ከሦስተኛው ዓምድ የተረፈችው ታናሽ እህቴ ስጦታ ብቻ ነበረች፤ ካዛንቺስ ያለው ቤቷ ማደሪያችን ስለሆነ።

በ1992 ወደ ሰሜን የሚወጣው የጦር መኪና መንገዱን ስለያዘው ቀረን። በ1993 የተማሪ ውጤት አልተዘጋም ተባለ። በ1995 እሱ ወባ ያዘው። ከሁሉም ይበልጥ የተጠጋነው በ1997 ነው፤ ጎንደር ደረስን። እንግዲህ የጥምቀት እንግዳ ገና ተመልሶ አላለቀም ኖሮ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት እስከ ሦስት ቀን የለም አሉን። ያርጋል መናኸሪያው ግንብ ላይ ተደግፎ ካርታውን አወጣና ከጎንደር በታች ያለውን መንገድ በእርሳስ ሰረዘው።

«በቃ፣ ፌስቲቫሉ እዚህ ነው» አለ።

ሦስት ቀን ጎንደር ሰነበትን። ቀን ቀን ከአንዱ አዝማሪ ቤት ወደ ሌላው እንሄዳለን፤ በቀን ሰው ስለሌለ ማሲንቆውን የሚቃኘውም፣ ወለሉን የምትጠርገውም ለእኛ ብቻ ያንጎራጉራሉ። አንድ አረንጓዴ ቀሚስ ገዛልኝ። ስንመለስ መምህራኑ ማን ማን እንደ ዘፈነ ጠየቁን፤ ያርጋልም ሳይስቅ አንድ ሙሉ ፌስቲቫል ፈጥሮ ተረከላቸው። ዝናብ ጣለ ብሎ መድረኩን ሁሉ በሸራ አስሸፈነው። የሂሳቡ መምህር እንግዳው፣ «በጥር?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «አዲስ አበባ ነዋ፣ ምን የማይሆን አለ?» አለው።

ስለ አሟሟቱ እዚህ አልጽፍም።

ከል ለበስኩ። በእኛ አካባቢ ሐዘንተኛ ከሏን በገዛ እጇ አታወልቅም። ጊዜው ሲደርስ የሟች ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል፤ ይለምናታል፤ ከሉን አውልቆ ነጭ ያለብሳታል። ሙት ዓመቱ እንዳለፈ ሊመጡብኝ ነበር። «ትንሽ ቆዩኝ» አልኳቸው። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠይቁኝም ቆዩኝ አልኩ። ሰዎቹ መጥተው፣ ጸሎት አድርሰው፣ እህል ቀምሰው ሲሄዱ ያርጋልንም ይዘውት የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በእርግጥ ከሞተ ጀምሮ ስሙንም ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር፤ ሰው ሲያነሣብኝ «እሱ» እል ነበር።

በጥር መጀመሪያ ስጦታ ደወለች።

«ሁለት ትኬት ገዝቻለሁ» አለችኝ። «ከዓርብ እስከ እሑድ። እንዳትከራከሪኝ።»

«ከል ለብሼ?»

«ሻንጣ የለሽም? እዚህ መጥተሽ ትቀይሪያለሽ። ካዛንቺስ ማን ያውቅሻል?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለብዙ ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩ። የምፈልገው ነገር ግልጽ ነበር፤ ስምንት ጊዜ ያቀድነውን አንዴ ሰምቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ከሌን ሳያስወልቀኝ፣ ተመልሼ እንደነበርኩ መሆን። ለዚህ ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል። ሐዘንተኛ ለዘፈን ፈቃድ አትጠይቅም። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት የሂሳቡን መምህር እንግዳውን፣ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ሆኗል፣ አገኘሁትና፣ «ዓይኔን ለመታየት አዲስ አበባ ልሄድ ነው» አልኩት።

«ምን ሆነ ዓይንሽ?»

«ይደበዝዝብኛል።»

«ለዚያ ነዋ ያን ተማሪሽን የቻላቸውን ሰባ ሁለቱን ማርክ ዘጠና ሁለት ብለሽ የሞላሽለት! እኔ ደግሞ ልጁ ጎበዘ ብዬ።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ደባርቅ ውስጥ ለሕክምና ብቻውን የሚሄድ ሰው እንደሌለ ረሳሁ። ለገበያ፣ ለስብሰባ፣ ለፍርድ ቤት ብቻዬን ብሄድ ማንም አይገደውም። በሽተኛ ግን ይሸኛል፣ አስታማሚ ይመደብለታል፣ ስንቅ ይያዝለታል። ማታውን ቤቴ ሞላ። ሱልጣና መጣች፤ ከግድግዳችን ወዲያ የጨርቅ መደብር ያላት፣ ሃያ ዓመት ሊሞላን ያልተጣላን ጎረቤቴ ናት።

«ሕሊናዬ፣ ወላሂ እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ። «ባለፈው ገበያ ላይ ሰላም ብልሽ አልፈሽኝ ሄድሽ።»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው እኮ።»

«ሐሳብ አይደለም፣ ዓይን ነው። አላህ ያሽርሽ። ልጄን ሀናንን ልላክልሽ እንዴ፣ አብራሽ ትሂድ?»

አመስግኜ እምቢ አልኩ። በማግስቱ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ላኩልኝ። አንድ የዕድር ሰው እንቁላል በጭድ አሽጎ አመጣ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ዓይንዎ እንዳይደክም ብለው ማስታወሻውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እነሱ ጻፉልኝ። ውሸቴ በየቀኑ ዕቃ እየተሸከመ ይመለስልኝ ጀመር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ አይሱዙ ደጄ ላይ ቆመና የያርጋል እናት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከጋቢናው ወረዱ። ከዳባት ነው የመጡት። በአንድ እጃቸው ዘንግ፣ በሌላው ከረጢት ይዘዋል። ጥቁሩ ነጠላቸው በአቧራ ግራጫ ሆኗል።

«ሰው ከገበያ ሲመለስ ነው የምሰማው?» አሉ፣ ገና ሳይስሙኝ። «ምራቴ ልትታወር ነው፣ እኔ ዳባት ተቀምጬ ሽንብራ እለቅማለሁ?»

«እማማ፣ ለትንሽ ነገር ነው። ለምን ደከሙ?»

«ብቻሽን አትሄጂም። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።» ከዚያም ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እንደ ዋዛ፣ «እግረ መንገዴን የእኔንም ያዩልኛል» አሉ።

የእማማ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ቆይቷል፤ ሽፋሽፍታቸው ዓይናቸውን ይወጋቸዋል። በየሳምንቱ አንዲት የጎረቤት ሴት በወረንጦ ትነቅልላቸዋለች። ያርጋል ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው እያለ ዓመታት ለምኗቸዋል። «ዓይኔን ምላጭ አይነካውም» ይሉት ነበር። እሱ እየለመነ ሞተ። አሁን እኔ በዋሸሁት ውሸት ራሳቸው ተነሥተው መጡ።

ያን ዕለት ብናገር ይቀየሙኛል፤ ተቀይመውም ወደ ዳባት ይመለሳሉ፤ ዓይናቸውም በዚያው ይቀራል። ካልተናገርኩ ደግሞ ሦስቱን ቀን ሐኪም ቤት ደጅ ተቀምጬ ላሳልፍ ነው። ሁለቱንም ላደርግ የምችልበትን መንገድ ስፈልግ አደርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜም ሌላ ውሸት ነበር የምፈልገው።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ውጭ ልብስ ሳጥብ እማማ ቤት ውስጥ ሻንጣዬን ያዘጋጁልኝ ጀመር። የጠበሉ ጠርሙስ እንዳይወድቅ ከመሐል፣ በልብስ ከልለው ሊያቆሙት ፈልገው ነው። ስገባ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሻንጣው ውስጥ ነበር። አልወጣም።

«ሕሊና» አሉ።

«አቤት እማማ።»

«ይህ ምንድን ነው? የከል ጨርቅ እንዲህ አይለሰልስም።»

ቀሚሱን ቀስ ብለው ሳቡት፤ ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ቤቱ ጨለም ይላል፤ ዓይናቸው ያነባል።

«ቀለሙ አይታየኝም። ምን ዓይነት ነው?»

ጥቁር ነው ብል ኖሮ ያምኑኝ ነበር። ያን ያህል ቀላል ነበር።

«አረንጓዴ ነው» አልኩ።

«ለዓይን ሐኪም አረንጓዴ ይለበሳል?»

ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ፌስቲቫሉን፣ የስጦታን ትኬት፣ ስምንቱን ዕቅድ። እሳቸው ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በእጃቸው እያለሰለሱ ሰሙኝ።

«ሄዳችሁ አልነበር እንዴ አንድ ጊዜ? ዝናብ ጥሎ መድረኩ በሸራ ተሸፍኖ?»

«አልሄድንም እማማ። ከጎንደር ነው የተመለስነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በጥር ዝናብ አምጥቶ ማን ሊያምነው? ልጄ ውሸት አያውቅበትም ነበር። አንቺም አታውቂበትም።» ቀሚሱን ገለበጡት። «ለዘፈኑ አልቀየምኩሽም። ዘፈን እሱም ይወድ ነበር። አንቺ ግን ካዛንቺስ ጓዳ ገብተሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ከሉን እንደ ሌባ ልታወልቂው! ልጄ የሚደበቅ ነገር ነው? ነው ወይስ እሱን አንቺ ብቻ የቀበርሽው መሰለሽ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ሰው ሲመጣ ለምን ቆዩኝ ትያለሽ? ሁለት ጊዜ ከዳባት ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ እኮ።»

ይህን አላውቅም ነበር።

«ያልቃል ብዬ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

እሳቸው መልስ አልጠበቁም። ቀሚሱን አጣጥፈው አልጋው ላይ አስቀመጡት፣ ከአጠገቡም ለመንገድ ያጠብኩትን ሌላውን ጥቁር ልብስ።

«ስሚኝ» አሉ። «ወይ ከነከልሽ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ፤ እኔም ለማንም አልናገርም። ወይ ደግሞ ሰው ፊት ከልሽን ታወልቂና ዘፈንሽን ሄደሽ ትሰሚያለሽ። ሁለቱን በአንድ ሻንጣ አትይዢም። አስቢበት።»

ወጣሁ። ከተማውን ጨርሼ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያወጣው የሳንቃ በር መንገድ እስከሚጀምርበት ድረስ ሄድኩ። የፈረንጅ ጓዝ የጫኑ በቅሎዎች አልፈውኝ ወደ ላይ ወጡ፤ ባለበቅሎዎቹ ከሌን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሰው በአጠገቤ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ክብር ነው፤ ለያርጋል የተሰጠ ክብር ነው ብዬ ይዤው ነበር። ያን ቀን ግን ከሰዎቹ አንዱ ከፊቴ ሲደርስ አንድ ቀልድ ጀምሮ መሐል ላይ አቋረጠ። ያርጋል ቢሆን ኖሮ ልጁን አስቁሞ ቀልዱን ሳያስጨርሰው አይለቀውም ነበር። እዚያው ቆሜ ይህን አሰብኩ። እሱን ልጠብቅ ብዬ የያዝኩት ዝምታ እሱ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ነገር ነበር። ያልቃል ብዬ የፈራሁት ግን ገና አልለቀቀኝም። እየፈራሁ ተመለስኩ።

«ሰው ይጥሩልኝ» አልኳቸው እማማን።

«ለየትኛው?»

«ለማውለቁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ጸሎት አደረሱ። እማማ ከፊቴ ቆመው ጥቁሩን ነጠላ ከራሴ ላይ አነሡ። ነጩን ያለበሰችኝ ሱልጣና ናት፤ ከመደብሯ ራሷ መርጣ ያመጣችው ነው። ሥራዋን ስትጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችኝ።

«እሰይ! እኔም ልዳን እንግዲህ» አለች። «ለአንቺ ብዬ ቴፔን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ ሀናን ስታበስል እንኳ ስታንጎራጉር እየቆነጠጥኳት ኖርኩ። ልጅቷ ዘፈን ሳትችል ልትዳርብኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሐዘንተኛ ምን ተብሎ ይነገራል? ዓይንሽስ? ተሻለሽ?»

እንግዳው ከወንዶቹ መሐል ሆኖ፣ «መሻሏማ የቻላቸውን ማርክ ስትቀንስ ነው የሚታወቀው» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ ዓይኔ ደህና እንደሆነ፣ የምሄደውም ሙዚቃ ለመስማት እንደሆነ ተናገርኩ። እንቁላል ያመጣው የዕድር ሰው፣ «እንቁላሉስ?» አለ።

«እንቁላሉን ትብላው!» አሉ እማማ። «ዘፈን መስማትም አቅም ይጠይቃል።»

ሰው ከተበተነ በኋላ እማማን፣ «እርስዎስ? የእርስዎን ማን ያስወልቅልዎ?» አልኳቸው።

«እኔ የለበስኩትን መች አያለሁ?» አሉ። «መጀመሪያ ዓይኔን ያድኑኝ። ያኔ አይቼ እወስናለሁ።»

«ይሄዳሉ ማለት ነው?»

«ሰው መጣሁ ብሎ ተነሥቶ ይመለሳል እንዴ? ግን ዓርብ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ በማርያም ቀን ሐኪም ደጅ አልቆምም። ሦስቱንም ቀን አንቺ ዘፈንሽን ትሰሚያለሽ፤ እኔ ከስጦታ ቤት ቁጭ እላለሁ። ሰኞ የእኔ ዓይን ነው።»

«ስጦታ ሁለት ትኬት ነው የገዛችው። አብረውን ቢመጡ እሷ ሌላ ትፈልጋለች።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?» ወደ ሻንጣው ዞረው ጠርሙሱን እንደገና አስተካከሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «ካዛንቺስ ድረስ ይሰማል?» አሉኝ።

«አይሰማም መሰለኝ።»

«እንግዲህ እናያለን።»

ረቡዕ ጠዋት ተሳፈርን። ብርዱ የመኪናውን መስኮት በጉም ሸፍኖት ነበር፤ እማማ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ብዙም እንደማይታያቸው ባውቅም። እኔ ነጭ ለብሻለሁ፤ እሳቸው ጥቁር። ረዳቱ ማንኛችንን እንደሚያስተዛዝን ግራ ገብቶት ሁለታችንንም ዝም ብሎ አለፈን።

መኪናው ከመናኸሪያው ሲወጣ እማማ እጄን ያዙ።

«በዚህ መንገድ ስትሄዱ እሱ የት ነበር የሚቀመጥ?»

«በመስኮቱ በኩል» አልኩ። ከዚያ ቆም ብዬ፣ «ያርጋል በመስኮቱ በኩል ነበር የሚወደው» አልኳቸው። «እያንዳንዱን ኮረብታ በስሙ ካልጠራ አይተኛም።»

«ካንቺ ጋር ምን ምን ይል ነበር? ለእኔ እኮ ሚስቱ ስላለችው ነገር እንጂ እሱ ስላለው ነገር አይነግረኝም ነበር።»

ከባህል ማዕከሉ ጀመርኩ፤ ስለሚቀየመው እግሩ። እማማ እየሳቁ በጉልበታቸው ጎሸሙኝ፣ ቀጥዪ ለማለት። ቀጠልኩ። ለማንም ያልነገርኩትን፣ ስጦታ እንኳ የማታውቀውን ነገርኳቸው፤ አንዳንዱን እያለቀስኩ፣ አብዛኛውን ሳላለቅስ። ዳባት ስንደርስ ያለኝን ሁሉ የጨረስኩ መሰለኝ፣ ዝም አልኩ። መኪናው ሰው አውርዶ፣ ሌላ ሰው ጭኖ ተነሣ።

እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አንቺ የምታውቂው ትልቁን ያርጋል ነው» አሉ። «ትንሹን ልንገርሽ።»

እስከ ጎንደር ድረስ ነገሩኝ። አብዛኛውን ሰምቼው አላውቅም ነበር።